በልክ የተሰፋ መልስ

ለሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ በሚሰጠው የኤልሳት ፈተና ላይ ከምንባቡ ሥር ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ ከሚከተሉት ውስጥ የምንባቡን ዋና ሐሳብ ከሁሉ ይበልጥ በትክክል የሚገልጸው የትኛው ነው? ከሥሩ አምስት ምርጫዎች ይደረደራሉ፤ አንዱ ትክክል፣ አራቱ ስሕተት። ላይ ላዩን ሲያዩት የተማሪ ማጣሪያ ነው። ቀረብ ብለው አራቱን ስሕተቶች በየተራ ሲፈትሿቸው ግን እያንዳንዳቸው ታስቦባቸውና ተለክተው የተሠሩ መሆናቸው ይታያል። እኔ እነዚህን ጥያቄዎች በጥሞና ማየት የለመድኩት ካልጋሪ ውስጥ፣ የከተማው ባቡር በሥሩ በሚያልፈው፣ በ2018 በተከፈተው ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ለፈተናው ከሚዘጋጁ የአገራችን ልጆች ጋር ተቀምጬ ነው (እዚህ ላይ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ዓ.ም. ካልተባሉ በቀር እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ወዲህ በደንብ የተሠራ የዋና ሐሳብ ጥያቄ ባየሁ ቁጥር ጸሐፊውን ማወቅ እመኛለሁ። ፈተና ጸሐፊ ግን በሥራው ላይ ስሙን አይጽፍም።

ኤልሳት ከ1948 ጀምሮ ሲሰጥ የኖረ ፈተና ነው። በ1976 የተመሠረተው የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲም ከአመልካቾቹ ይጠይቃል። የንባብ ክፍሉ በ35 ደቂቃ ውስጥ አራት ምንባቦችን ያስነብባል፤ ከ2007 ወዲህ ከአራቱ አንዱ ጥንድ ሆኗል፣ ማለትም በአንድ ጉዳይ ላይ ሁለት ጸሐፊዎች የጻፏቸው ሁለት አጫጭር ጽሑፎች ጎን ለጎን ይቀርባሉ። ከነሐሴ 2024 ጀምሮ ደግሞ ሰዎችን በወንበር፣ ዕቃዎችን በመደርደሪያ እያቀያየሩ የሚያስቡበት የሎጂክ ጨዋታ ክፍል ስለቀረ፣ ነጥብ የሚያዝበት ሁሉ ንባብና የሙግት ምርመራ ሆኗል።

የካልጋሪ ሐበሻ ከዚህ ጥያቄ ጋር የሚገናኘው ሕግ ለመማር ሲያስብ ብቻ አይደለም። ልጁ 12ኛ ክፍል ሲደርስ የአልበርታ የእንግሊዝኛ 30-1 የዲፕሎማ ፈተና ይጠብቀዋል፤ የፈተናው ግማሽ ድርሰት፣ ግማሹ ንባብ ሲሆን ውጤቱም ከትምህርቱ የመጨረሻ ነጥብ 30 በመቶውን ይይዛል። አባት ወይም እናት አይልትስ የሚባለውን የእንግሊዝኛ ፈተና ሲፈተኑ ለየአንቀጹ ርእስ ምረጡ ይባላሉ፤ የቀረቡት ርእሶች ከአንቀጾቹ ቁጥር ስለሚበልጡ ባለቤት የሌላቸው ርእሶች በመሐል ተሰግስገው ያሳስታሉ። ማትሪክ የተፈተነ ሰው ሁሉ ይህን ዓይነት ጥያቄ ያውቀዋል። እኔ እዚህ በኤልሳቱ ላይ የምቆየው የሥራው ጥራት እዚያ ጎልቶ ስለሚታይ ነው።

ሥራው ምን እንደሚመስል ለማሳየት ለልምምድ ያዘጋጀሁት አንድ አጭር ምንባብ አለ። ስለ ካልጋሪ የሚናገረው መረጃ እውነተኛ ነው፤ ሙግቱን የቀመርኩት እኔ ነኝ።

«በካልጋሪ መሐል ከተማ ያሉ ብዙ ሕንፃዎች ከመንገዱ 15 ጫማ ያህል ከፍ ብለው በተሠሩ የመስታወት ድልድዮች ይገናኛሉ። ፕላስ 15 የተባለው ይህ መተላለፊያ በ1970 በአንድ ድልድይ ተጀምሮ ዛሬ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ደርሷል። ተቺዎች እግረኛውን ወደ ላይ ስቦ መንገዱን ባዶ አስቀርቶታል ይላሉ፤ በበረዶ ወራት ቀትር ላይ የእግረኛ መንገዱን ያየ ሰው አይፈርድባቸውም። ይሁንና ድልድዮቹ ይፍረሱ ሲሉ ማታ የሚሆነውን አላስተዋሉም። መተላለፊያው በግል ሕንፃዎች ውስጥ ስለሚያልፍ የቢሮ ሠራተኛው ወደ ቤቱ ሲገባ በሮቹ ይዘጋሉ፤ ያን ጊዜ ላይም ታችም ሰው አይታይም። ጭርታውን ያመጣው የድልድዩ መኖር ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ድልድዩ ሲዘጋ መንገዱ ሰው ባገኘ ነበር። ከተማዋ መተላለፊያውን እስከ ምሽት ክፍት ብታደርግና ወደ መንገዱ የሚያወርዱ ደረጃዎችን ብታበዛ፣ ላይ ያለው ሰው ለታችኛውም ይተርፋል።»

ዋና ሐሳቡን ከሁሉ ይበልጥ በትክክል የሚገልጸው የትኛው ነው?

ሀ. የካልጋሪ የመስታወት ድልድዮች እግረኛውን ወደ ላይ በመሳብ የመሐል ከተማውን መንገዶች ሕይወት አሳጥተዋል።

ለ. ፕላስ 15 በግል ሕንፃዎች ውስጥ የሚያልፍ በመሆኑ የሥራ ሰዓት ሲያበቃ ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አይቆይም።

ሐ. ቅዝቃዜ በሚበረታባቸው ከተሞች ከፍ ብለው የሚዘረጉ መተላለፊያዎች የመንገዱን ሕይወት አይጎዱም።

መ. ወቀሳው መነሻ ቢኖረውም፣ የመንገዱ ጭርታ መፍትሔ መተላለፊያውን ማስወገድ ሳይሆን አያያዙን ማሻሻል ነው።

ሠ. ካልጋሪ የተቺዎቹን ወቀሳ ተቀብላ የፕላስ 15ን መክፈቻ ሰዓት በማራዘም መንገዶቿን ልታነቃቃ ነው።

በመጀመሪያ ቁመታቸውን ተመልከቱ። አምስቱም ተቀራራቢ ርዝመት አላቸው፤ አምስቱም አንዳንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ናቸው፤ አንዱም የሚያስቅ አይደለም። ደካማ ፈተና ላይ ትክክለኛው መልስ በርዝመቱ ይታወቃል፣ ምክንያቱም ጸሐፊው እሱን ብቻ ለማስተካከል ደክሞ ሌሎቹን እንደነገሩ ጣል ጣል ያደርጋቸዋል። ጎበዝ ጸሐፊ ግን ለስሕተቱም ለትክክሉም እኩል ይደክማል።

ሀ የተሠራው ቸኩሎ ለሚያነብ ሰው ነው። በምንባቡ ውስጥ ያለ ነገር ነው፣ ጸሐፊውም «አይፈርድባቸውም» ብሎ በከፊል ተቀብሎታል። ግን ድምፁ የማን ነው? የተቺዎቹ። «ይሁንና» ከመጣ በኋላ ምንባቡ ፊቱን አዙሯል፤ ሀን የመረጠ ሰው ከመታጠፊያው በፊት ወርዷል። የሌላውን ሰው ቃል ከጸሐፊው ቃል አለመለየት በፈተና ላይ ብቻ የሚያጋጥም ነገር አይደለም፤ ስንት ጊዜ ነው አንድ ሰው ሊያፈርሰው የጠቀሰውን ሐሳብ እሱ እንደተናገረው አድርገው የሚያወሩበት።

እኔ ከሁሉ የማደንቀው ለን ነው። ለ እውነት ነው። ምንባቡ ውስጥ በግልጽ ተጽፏል፣ አንድ ቃሉ እንኳ አልተጣመመም። ተማሪ የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ወደ ምንባቡ ተመልሶ ሲያመሳክር ያገኘዋል። ግን «ታዲያ ምን ይሁን?» ብላችሁ ጠይቁት። መተላለፊያው ማታ ይዘጋል፤ ታዲያ? ምንባቡ ለዚህ መልስ አለው፦ ስለዚህ ጥፋቱ የድልድዩ መኖር ብቻ አይደለም፣ ስለዚህ ማፍረሱ አይበጅም። እንዲህ ተጠይቆ ወደ ሌላ ነገር የሚመራ ዓረፍተ ነገር ምክንያት ነው እንጂ መደምደሚያ አይደለም። ለን የጻፈ ሰው እውነትን ራሷን ወጥመድ አድርጎ አቅርቧል፣ ማንንም ግን አላታለለም፤ ጥያቄው ገና ከመጀመሪያው «እውነት የሆነው የትኛው ነው» አላለምና።

ሐ ልኩን ያለፈ ነው። ምንባቡ ስለ አንዲት ከተማ ይናገራል፣ ሐ ግን ስለ ቀዝቃዛ ከተሞች ሁሉ ይፈርዳል። ምንባቡ «ብቻ ቢሆን ኖሮ» ብሎ በጥንቃቄ የተናገረውን ሐ «አይጎዱም» ብሎ ዘግቶታል። ድምዳሜ የሚወድ አንባቢ ሐን ይወደዋል፣ ጠንከር ያለ ነገር ይመስለዋልና።

ሠ ዘንድ ስንደርስ ሥራው በጣም ይረቃል። ምንባቡ «ብታደርግ፣ ብታበዛ» ይላል፤ ሠ «ልታነቃቃ ነው» ይላል። ምኞት የነበረው ነገር ዕቅድ ሆኗል፣ የጸሐፊው ምክር የከተማዋ ውሳኔ ሆኗል። የቀረው ሁሉ ከምንባቡ የተወሰደ ስለሚመስል ዓይን በቀላሉ ያልፈዋል። አንዲት ፊደል ላይ የሚቆም ትዕግሥት ያለው አንባቢ ግን ያቆመዋል። የቤት ኪራይ ውል ወይም የሥራ ቅጥር ወረቀት ላይ «ሊሰጥ ይችላል»ን «ይሰጣል» ብሎ ያነበበ ሰው ምን እንደሚደርስበት የሚያውቅ፣ ይህን ምርጫ የጻፈውን እጅ ያከብራል።

መስ? መ ምንም አይስብም። 16 ኪሎ ሜትር የለበትም፣ መስታወት የለበትም፣ ማታም ደረጃም የለበትም። ከምንባቡ ዓይን የሚይዙትን ቃላት ሁሉ ለጎረቤቶቹ ትቶላቸዋል። ግን በውስጡ ምን እንዳለ ቁጠሩ። «መነሻ ቢኖረውም» የተቺዎቹን ዓረፍተ ነገር ተሸክሟል፣ ያውም በሚገባው ክብደት ብቻ። «ማስወገድ ሳይሆን» መታጠፊያውንና የማታውን ማስረጃ ይዟል። «አያያዙን ማሻሻል» ሰዓቱንም ደረጃውንም በአንድ ጠቅልሏል። የትኛውም የምንባቡ ክፍል ውጭ አልቀረም፣ የትኛውም ደግሞ ከድርሻው በላይ አልወሰደም። በልክ የተሰፋ ልብስ ሰው ሲያየው ልብሱን አያስተውልም፤ መም እንደዚያው ነው።

ከዚህ ሥራ ወደ ኋላ ብንመለስ የምናገኘው አንድ የቆየ ጥናት አለ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ኤድዋርድ ቶርንዳይክ በ1917 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ፍራንክሊን በሚባል ስፍራ ከ7 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆች ትምህርት ቤት መገኘት ግዴታቸው እንደሆነ የሚናገር አጭር አንቀጽ ለተማሪዎች ሰጥቶ የአንቀጹ ጠቅላላ ጉዳይ ምን እንደሆነ ጠየቀ። «ፍራንክሊን» ብለው የመለሱ ነበሩ። ቶርንዳይክ ስንፍና ነው ብሎ አላለፈውም። ስሕተቶቹን ሰብስቦ መረመራቸው፤ ልጆቹ ቃላቱን ሳያውቋቸው ቀርተው ሳይሆን ለአንዱ ቃል ከሚገባው በላይ፣ ለሌላው ከሚገባው በታች ጉልበት ስለሰጡ እንደተሳሳቱ አሳየ። አንቀጽ መረዳት ለእሱ የሒሳብ ጥያቄ እንደመፍታት ነው፦ የሚፈለጉትን መምረጥ፣ በትክክለኛው ግንኙነት ማያያዝ፣ ለእያንዳንዱም ተገቢውን ክብደት መስጠት። ዛሬ በደንብ በተሠራ ጥያቄ ላይ የምናያቸው አራት ስሕተቶች የእነዚያ ልጆች መልሶች ዘሮች ናቸው ብል አላጋነንኩም። የምርጫ ጥያቄ ራሱ በዚያው ዘመን፣ በ1915 አካባቢ፣ በካንሳስ ፍሬድሪክ ኬሊ ላዘጋጀው የንባብ ፈተና ሲጠቀምበት የተፈለገው እርማቱ ፈጣንና ለሁሉም አንድ ዓይነት እንዲሆን ነበር። ከፍጥነት ፍለጋ የተወለደ መሣሪያ እንዲህ ያለ ረቂቅ ምርመራ መሥራት መቻሉ ይገርመኛል።

ጥያቄው ከጸሐፊው እጅ ወጥቶም ሥራው አያልቅም። ኤልሳት ላይ ነጥብ የማይያዝበት አንድ ክፍል አለ፤ ተፈታኙ የትኛው እንደሆነ አያውቅም። አዳዲስ ጥያቄዎች በዚያ ይሞከራሉ። በሙከራ የሚታየው ነገር ጥያቄው መክበዱ ወይም መቅለሉ ብቻ አይደለም። በጠቅላላው ጎበዝ የሆኑት ተፈታኞች ወደ ትክክለኛው መልስ፣ ደከም ያሉት ወደ ስሕተቶቹ ማዘንበል አለባቸው። ጎበዞቹ በብዛት ወደ አንድ ስሕተት ከሄዱ ጥፋቱ የጥያቄው ነው፤ ምናልባት ያ ምርጫ ጸሐፊው ያላሰበው እውነት ይዞ ይሆናል። ማንም ያልመረጠው ምርጫም ቦታ ከመያዝ በቀር ሥራ የለውም። አንድ ዓረፍተ ነገር ይህን ያህል ሰው አንብቦ እስኪፈርድበት የሚጠብቅበት የጽሑፍ ሙያ ብዙ አላውቅም።

መላሹም የራሱ ጥበብ አለው። ከማውቃቸው ተፈታኞች አንዷ ካልጋሪ ተወልዳ ፎረስት ላውን ሰፈር ያደገች ወጣት ናት። ምንባቡን አንብባ ስትጨርስ ምርጫዎቹን በመዳፏ ትሸፍናለች። ከዚያ የጸሐፊውን ሐሳብ በአንድ ትንፋሽ፣ በአማርኛ ትናገራለች። በእንግሊዝኛ እንድትናገር ስትጠየቅ የምንባቡን ሐረጎች እየቀነጨበች ትመልሳለች፤ ያ ደግሞ አታላይ ነው፣ ስሕተቶቹ የተሠሩት ከእነዚያው ሐረጎች ነውና። አማርኛዋ እንደ እንግሊዝኛዋ የተደላደለ አይደለም፤ ስለዚህም የምትደበቅበት ሐረግ አታገኝም፣ ሐሳቡን ራሱን መያዝ ግድ ይሆንባታል። «ሰዎቹ ይፍረስ ይላሉ፣ እሱ ግን አታፍርሱት፣ በደንብ ተጠቀሙበት ነው የሚለው» አለችኝ የፕላስ 15ን ምንባብ ስትጨርስ። መዳፏን አንሥታ ምርጫዎቹን ካነበበች በኋላ ለ ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ እውነት ነው።»

«እውነት መሆኑን ማን ጠየቀሽ?»

ዝም ብላ አየችው። ከዚያ ከራሷ ዓረፍተ ነገር ጋር አስተያይታ ተወችውና መን መረጠች። የሷ ቃልና የመ ቃል አንድም አይመሳሰሉም፤ ሐሳባቸው ግን ቁርጥ አንድ ነው።

ይህ ችሎታ ለሕግ ሰው ለምን እንደሚፈለግ የእኛ ፍርድ ቤት በደንብ ያስረዳል። የ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ዳኛው ክርክሩን ከሰማና ማመልከቻዎቹን ከመረመረ በኋላ ተከራካሪዎቹ የሚለያዩበትን ነጥብ ለይቶ ጭብጥ እንዲይዝ ያዛል። ከሳሽ ስለ ድንበሩ ሲናገር ስለ አያቱ፣ ስለ ባሕር ዛፉና ስለ ሽማግሌዎቹ ያነሣል፤ ተከሳሹም በፊናው። ዳኛው ከዚያ ሁሉ ውስጥ «መሬቱ በስጦታ ተላልፏል ወይስ አልተላለፈም?» የምትል አንዲት ጥያቄ ያወጣል። ጭብጡን አጥብቦ ከያዘ ግማሹ ክርክር ሳይሰማ ይቀራል፣ አስፍቶ ከያዘ ምስክሩ ሁሉ ከጉዳዩ ውጭ ይዋኛል። ለ እና ሐ በችሎት ላይ ሲገኙ እንዲህ ናቸው።

በሌላ በኩል በጉባኤ ቤት የተማረ ወይም በዚያ ወግ ያደገ ሰው ይህን ጥያቄ ሊቃወመው ይችላል። የአንድምታ መምህር አንድ ኃይለ ቃል አንሥቶ አንዱን ፍቺ ይሰጣል፣ «አንድም» ብሎ ሁለተኛውን፣ ደግሞ «አንድም» ብሎ ሦስተኛውን ይጨምራል፤ አንዱ ሌላውን አይሽረውም። እንዲህ ባለ ንባብ ያደገ አእምሮ «ከአምስቱ አንዱ ብቻ» ሲባል ይጠበዋል፣ ጥበቱም ተገቢ ነው። ቅዱስ መጽሐፍና ቅኔ በአምስት ምርጫ አይፈተኑም፤ ግጥምን «ዋና ሐሳቡ ምንድን ነው» ብሎ በፊደል ማስመረጥ ግጥሙን መበደል ይመስለኛል። የሙግት ጽሑፍ ግን ሌላ ነው። ጸሐፊው አንድ ነገር ሊያሳምነን ተነሥቷል፤ ያ ነገር ምን እንደሆነ ሳያጣምሙ መልሶ መናገር ከመስማማትም ከመቃወምም በፊት ለሱ የሚከፈል ዕዳ ነው። ጥያቄው የሚለካው ያችን ዕዳ ብቻ ነው። «ከሁሉ ይበልጥ በትክክል» የሚለው አነጋገርም ለዚህ ነው የገባው፤ ፍጹም ነው አይልም፣ ከቀረቡት ውስጥ የተሻለውን ነው የሚጠይቀው።

ጥንዱ ምንባብ ላይ ሥራው እጥፍ ይከብዳል። ሁለቱ ጸሐፊዎች ብዙውን ጊዜ በቀጥታ አይጣሉም፣ አይስማሙምም፤ ለምሳሌ አንዱ ስለ መርሁ ሲናገር ሌላው ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ይናገራል። ሁለቱም የሚያነሡት ዋና ጉዳይ ምን እንደሆነ ሲጠየቅ ትክክለኛው መልስ ለሁለቱም የሚመጥን፣ ለአንዱም የማይተርፍ መሆን አለበት። እዚህ ላይ ስሕተቶቹ አብዛኛውን ጊዜ ለአንደኛው ጸሐፊ ልክክ ይላሉ፤ ሁለተኛውን የረሳ ሰው በደስታ ይመርጣቸዋል።

እስካሁን ያየኋቸው ለልጆች የተዘጋጁ የአማርኛ የንባብ ጥያቄዎች አብዛኛዎቹ ማን፣ የት፣ ስንት ብለው ይጠይቃሉ። እዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ የሚማሩ ልጆች እንዲህ ያለውን ምንባቡን በዓይናቸው እየቃኙ ይመልሱታል፣ ሐሳቡን ሳይዙት። ለእነሱ ከላይ እንዳለው ዓይነት ጥያቄዎች ቢዘጋጁ እወዳለሁ፤ ስለሚያውቁት ከተማ፣ ስለ ፕላስ 15ና ስለ ባቡሩ፣ ሙግት ባለው አማርኛ። የሞከረ ሰው ድካሙ የት እንደሆነ ቶሎ ያየዋል። መን መጻፍ ምንባቡን ላዘጋጀ ሰው ቀላል ነው። ለን ለማግኘት ደግሞ ከምክንያቶቹ ከባዱን መርጦ ማውጣት ይበቃል። ሠ ግን አንድ ልጅ በቅን ልቡ እንዴት ሊሳሳት እንደሚችል ቀድሞ ማሰብን ይጠይቃል፤ ለዚያም ከልጆቹ ጋር ተቀምጦ፣ ለምን ይህን እንደመረጡ ጠይቆ፣ መልሳቸውን መመዝገብ ያስፈልጋል።